«ኮምፓይለሩ ተሳስቷል» ያለው መኩሪያ

መኩሪያ መሞቱን የነገረኝ ስፕሪንግፊልድ የሚኖር የድሮ ወዳጄ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ኮል አደረገኝና፣ «ዶክተር መኩሪያ አረፈ፤ ሰማህ?» አለኝ።

«የምን ዶክተር?» አልኩት።

ሰው ሞቶ እንዲህ እንደማይባል አውቃለሁ። አፌ ቀደመኝ። ወዳጄ እንዳልሰማ አልፎ፣ ለቀብሩ በሚታተመው ወረቀት ላይ አብሮት የሠራ ሰው ጥቂት መስመር እንዲጽፍ ቤተሰቡ እንደሚፈልግ ነገረኝ። «ሙያውን የምታውቀው አንተ ነህ» አለ። ሙያውን ስለማውቅ ነው እምቢ ያልኩት። ሌላ ሰው ፈልገው አስጻፉ። «ትሑትና ለወጣቶች መምህር የነበረ» የሚል ነገር ወጣ መሰለኝ፤ አላነበብኩትም።

የተዋወቅነው በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ነው። ከኪንግ ስትሪት ባቡር ጣቢያ አሥር ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ፣ ለትንንሽ ክሊኒኮች ሶፍትዌር የሚጽፍ አንድ ድርጅት ነበር። እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ስለሆነ በየጠዋቱ ከቀዩ ባቡር ወርጄ ቢጫው ላይ ተሳፍሬ ወንዙን ተሻግሬ እመጣለሁ። በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ሐበሾች ነበርን። ቀድሞ የተቀጠረው መኩሪያ ነው፤ ስለዚህ ሱፐርቫይዘር ሆነ። ከሱ ቀጥሎ እኔ፣ ከኔ ቀጥሎ ጽጌ። የሁላችንም አለቃ ሮን የሚባል፣ ጠረጴዛው ላይ ከወረቀት ይልቅ የጎልፍ ኳስ የሚበዛ አሜሪካዊ ነበር።

መኩሪያ ቡናማ ሱፍ የሚወድ፣ ሆዱ ከክራቫቱ የቀደመ፣ ድምፁ ግን ለዜና አንባቢ የሚሆን ሰው ነበር። ራሱን ዶክተር ይል ነበር። አንድ የአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ ግዛት ውስጥ የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት ጀምሮ ትቷል። «ተሲሱ ብቻ ነው የቀረኝ» ይላል። እኔ እሱን ከማወቄ በፊት ስንት ዓመት እንዲህ ሲል እንደኖረ እንጃ፤ የተሲሱ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ ርዕስ ግን በጠየቁት ቁጥር ይለወጥ ነበር። አንድ ጊዜ ስለ ግድብ፣ አንድ ጊዜ ስለ ሂሳብ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ፣ እኔው በጆሮዬ እየሰማሁ፣ ስለ ዓለም ሰላም ሆነ።

የሰው መሳቢያ መክፈት ይወዳል። ብትደርስበት «እስክሪብቶ ፈልጌ ነው» ይልሃል። የኪሱ አፍ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ተሰክቷል። ሲመቸው ደብዳቤ ያነባል። እንዳነበበም አይደብቅም። «እናትህ ተሻላቸው?» ይልሃል ጥርሱን እየፋቀ፤ አንተ እናትህ መታመማቸውን ለማንም አልተናገርክም። ደብዳቤው መሳቢያህ ውስጥ ነው ያለው።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው «ግል ማለት ግል ነው!» እያለ ለአንድ ዓመት ያሠቃየን።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የምንሠራበት ቋንቋ ሲ ፕላስ ፕላስ ይባላል፤ ያኔ ገና መግባቱ ነበር። በዚህ ቋንቋ መጀመሪያ ክላስ ትጽፋለህ። ክላስ እንደ ልብስ ሰፊ ልክ ነው፤ ከአንዱ ልክ የፈለግከውን ያህል ሸሚዝ ታወጣለህ። የኛ ክላስ የበሽተኛ ካርድ ነበር። እያንዳንዱ በሽተኛ ከዚያ ክላስ የወጣ አንድ ካርድ አለው፤ ስሙን፣ የተወለደበትን ቀን፣ የማይስማማውን መድኃኒት ይይዛል። እነዚህን መረጃዎች ግል ናቸው ብለህ ታውጃለህ። ግል ያልከውን ከክላሱ ውጭ ያለ የፕሮግራም ክፍል ሊያነበውም ሊነካውም አይችልም። ልንካ ካለ፣ የጻፍነውን መርምሮ ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚለውጠው ፕሮግራም፣ ኮምፓይለሩ፣ አላሳልፍም ይላል።

ታዲያ አንዱ ካርድ የሌላውን ካርድ ግል ማየት ይችላል ወይ? ሁለቱም ከአንድ ክላስ ከወጡ ይችላል። አጥሩ የታጠረው በክላሱ ዙሪያ ነው እንጂ በእያንዳንዱ ካርድ ዙሪያ አይደለም። ክላሱ ውስጥ የተጻፈ ሥራ የራሱንም የወንድሙንም ጓዳ ያያል። የሁለት መስመር ሐቅ ናት። መኩሪያ ግን አንድ ጊዜ የሦስት ሳምንት ስልጠና ላይ ስሞልቶክ የሚባል ሌላ ቋንቋ አይቷል። እዚያ ቋንቋ ውስጥ እውነትም አንዱ የሌላውን ጓዳ አያይም፣ ከአንድ ክላስ ቢወጡም። የዚያን አገር ሕግ ተሸክሞ መጥቶ እዚህ ዳኛ ሆነ።

ጽጌ የመጣችው ከዳታ ኢንትሪ፣ መረጃ ወደ ኮምፒውተር ከማስገባት ሥራ፣ ነው። ላንግሊ ፓርክ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች፤ እሑድ እሑድ በአማርኛ የሚሰበክበት ቤተ ክርስቲያን ትዘምራለች። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተምራ ነው ፕሮግራመር የሆነችው። የቋንቋውን መጽሐፍ በራሷ ገንዘብ ገዝታ፣ አውቶቡስ ላይ እያነበበች፣ ጠርዙ እንደ ጎመን ቅጠል ተጠቅልሎ ነበር። እንደኔ እንደኔ ከሦስታችን የተሻለችው እሷ ነበረች። ይህን ያኔም አውቀው ነበር።

የክሊኒኮቹ ትልቁ ጣጣ አንድ ሰው ሁለት ካርድ የሚኖረው መሆኑ ነው። ወልደማርያም አንዴ ተያይዞ አንዴ ተለያይቶ ይጻፋል፤ ሁለት በሽተኛ ይሆናል። ፈረንጁም አንዴ በቅጽል ስሙ አንዴ በሙሉ ስሙ ይመዘገባል። ስለዚህ ሁለቱን ካርዶች አንድ የሚያደርግ ሥራ መጻፍ ነበረብን። ጽጌ ጻፈችው። ክላሱ ውስጥ አስገብታ፣ አንዱ ካርድ የሌላውን ግል መረጃ በቀጥታ አንብቦ ወደ ራሱ እንዲወስድ አደረገች። አጭርና ንጹሕ ነበር።

መኩሪያ ሥራዋ የታተመበትን ወረቀት በሁለት ጣቱ፣ እንደ እርጥብ ካልሲ፣ አንጠልጥሎ ሚቲንግ ጠራ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ማዋሃጃው ነው፣ ጋሼ መኩሪያ» አለች ጽጌ።

«ዶክተር።»

«ማዋሃጃው ነው፣ ዶክተር።»

«አንዱ ካርድ የሌላውን ግል ይነካል እዚህ ላይ። አንቺ የጎረቤትሽን ቦርሳ ትከፍቻለሽ?»

«ሁለቱም የአንድ ክላስ ናቸው። መጽሐፉ ይፈቀዳል ይላል፤ ገጹን ላሳይዎት?»

«መጽሐፍ! እኔ መጽሐፉ ሳይጻፍ በስሞልቶክ የሠራሁ ሰው ነኝ። ግል ማለት ግል ነው።»

ጽጌ አልተከራከረችም። ተነስታ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠችና አሥር መስመር የማትሞላ ሙከራ ጻፈች፤ ሁለት ካርድ፣ አንዱ የሌላውን ግል የሚያነብ። ኮምፓይለሩን አዘዘችው። ያለ አንዲት ቅሬታ አለፈ። ስታስኬደው ትክክለኛውን ስም አወጣ። ሦስታችንም እስክሪኑን አየነው።

መኩሪያ መነጽሩን አወለቀ፣ ተነፈሰበት፣ በክራቫቱ ጫፍ ወለወለው፣ አደረገው፣ እንደገና አየ።

«ኮምፓይለሩ ተሳስቷል» አለ።

ሳቄን እንደምንም ዋጥኩ። በምሳ ሰዓት ጽጌና እኔ ከሕንፃው ጀርባ ሄደን እስኪበቃን ሳቅን። ግን ከሳቁ በፊት፣ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ወደኔ ዞሮ «አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎኝ ነበር። «እንዳሉት ይሁን፣ ዶክተር» ነው ያልኩት። ግሪን ካርዴ በድርጅቱ በኩል ነበር የሚሄደው፤ እንደ ሱፐርቫይዘር የሚፈርምልኝ ደብዳቤ ነበር።

መኩሪያ የጽጌን ሥራ አስወጣና የራሱን አደረገ። አንዱ ካርድ የሌላውን ማየት ስለማይገባው፣ ለእያንዳንዱ ግል መረጃ ሁለት ሁለት በር ከፈተ፤ አንዱ ማንም የሚያነብበት፣ አንዱ ማንም የሚለውጥበት። ሠላሳ ሁለት መረጃ ነበር፤ ስልሳ አራት በር ሆነ። ወንድም ጓዳ እንዳያይ ብሎ ቤቱን ለመንገደኛ ከፈተው። የፋይሉ አናት ላይ የጸሐፊ ስም በሚጻፍበት ቦታ፣ ከነማዕረጉ ከነቀኑ፣ ስሙን አኖረ። በዚያ ሰሞን ፋይሎቹን ሁሉ ለራሴ አትሜ ስለነበር አንድ ቅጂ መሳቢያዬ ውስጥ ቀረ። ያንን መሳቢያ ቆልፌ ነበር የምሄደው፤ ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሥራው ክሊኒኮች ገባ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሜሪላንድ ያለ አንድ ክሊኒክ ለበሽተኞቹ ደብዳቤ መላክ ስለፈለገ ፖስታ ላይ አድራሻ የሚያትም ሥራ ጠየቀ። መኩሪያ «ይሄን እኔ በአንድ ጠዋት እጨርሰዋለሁ» አለ። ጨረሰውም። ካርዱን ለማተም የተሠራውን ወስዶ ለፖስታ ተጠቀመበት፤ ሕመምና መድኃኒት ግን ፖስታ ላይ መታየት የለበትም። ስለዚህ ከመታተሙ በፊት በከፈተው በር ገብቶ «የማይስማማ መድኃኒት» የሚለውን ባዶ አደረገው። በቅጂው ላይ ቢሆን ደግ ነበር። ያጠፋው ከራሱ ከካርዱ ላይ ነው። ፖስታው ከታተመ በኋላ ካርዱ ሲቀመጥ ባዶው አብሮ ይቀመጣል። መረጃው በክላሱ ብቻ የሚነካ ቢሆን ኖሮ ኮምፓይለሩ ያንን መስመር አያሳልፈውም ነበር። ያ ተሳስቷል የተባለው ኮምፓይለር።

አንድ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ጉሮሮውን አሞት ክሊኒኩ ሄደ። ፔኒሲሊን አይስማማውም፤ ካርዱ ላይ ለዓመታት ተጽፎ ኖሯል። ነርሷ ካርዱን አየች፤ ባዶ ነው። ተወጋ። ፊቱ አብጦ፣ ትንፋሹ ተዘግቶ፣ በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ወሰዱት። ሰውየው ተረፈ። የተረፈው እንዲህ ያለውን ነገር ከዚያ በፊት ያየች ሌላ ነርስ እዚያው ስለነበረች ነው እንጂ በኛ ጥበብ አይደለም።

ሮን የጎልፍ ኳሶቹን ትቶ ወደ ክፍላችን መጣ። እንደዚያ ሲነጣ አይቼው አላውቅም። ሐሙስ ጠዋት ሦስታችንንም ሰበሰበን። «በሩን የከፈተውና መስመሯን የጻፈው ማነው?» አለ።

መኩሪያ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። አዲስ የታተመ፣ ገና ሙቀቱ ያልወጣ ወረቀት ፊቱ ላይ ዘረጋ። አናቱ ላይ የጸሐፊ ስም አለ፤ ጽጌ ይላል። በካርዱም በፖስታውም ፋይል ላይ። በዚያ ድምፁ፣ ያዘነ መስሎ፣ «ልምድ የላትም። መቆጣጠር ነበረብኝ፤ ጥፋቱን እኔም እጋራለሁ» አለ። ሌባ ሰርቆ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አየሁ።

ጽጌ ወረቀቱን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

ሮንም ወደኔ ዞረ። «ይህ የሷ ሥራ ነው?»

መሳቢያዬ ከጀርባዬ ሁለት እርምጃ ላይ ነበር። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።

«እርግጠኛ አይደለሁም» አልኩ።

ያንኑ ዕለት ከሥራ አስወጧት። ቢሮ ውስጥ የምትቀይራቸውን ነጠላ ጫማዎች፣ ሹራቧን፣ ያንን መጽሐፍ በግሮሰሪ ከረጢት ይዛ ስትወጣ መኩሪያ በሩን ያዘላት። «እግዚአብሔር ሌላ በር ይከፍታል» አላት።

ቅዳሜ የመሳቢያዬን ወረቀት ይዤ በአውቶቡስ ላንግሊ ፓርክ ሄድኩ። ጽጌ ራሷ ከፈተችልኝ። ልጆቿ ምንጣፉ ላይ ተኝተው ቴሌቪዥን ያያሉ፤ ባሏ ሥራ ነው። አስቀመጠችኝ፣ ውሃ ሰጠችኝ። ወረቀቱን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አደረግሁት። የሱ ስም፣ ከነዶክተሩ፣ ከነቀኑ።

አንብባ መለሰችልኝ። «አንተ፣ ይሄን ለምን ለኔ ታመጣለህ? እኔ ማን እንደጻፈው አላውቅም?»

«ጽጌዬ፣ የግሪን ካርዴ ደብዳቤ አልተፈረመም። ትንሽ ብትታገሺኝ...»

«ስንት ቀን?»

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ትንሿ ልጇ በእንግሊዝኛ «ማሚ፣ ሰውየው ማነው?» አለቻት። ጽጌ «አብሮኝ የሚሠራ ነው» አለችና ትንሽ ቆይታ «ይሠራ የነበረ» ብላ አረመች። ሸኘችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

መኩሪያ ደብዳቤዬን የፈረመው በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ነው። እንዲያውም ሲፈርም አመሰገነኝ፤ «አንተ ታማኝ ልጅ ነህ» አለኝ ትከሻዬን እየመታ። ሐሙስ ደብዳቤው ለጠበቃው መላኩን አረጋገጥኩ። ዓርብ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ ሮን ዘንድ ገባሁ።

ሮን ሁለት ጊዜ አነበበው። ቀኑን አየ። «ይሄ እስከ ዛሬ የት ነበር?» አለኝ።

«መሳቢያዬ ውስጥ።»

ከዚህ በላይ አልጠየቀኝም። ስልኩን አንስቶ ጽጌ ዘንድ ደወለ፤ እኔ እዚያው ቆሜ። በኋላ እንደሰማሁት ጽጌ ሁለት ነገር ጠይቃለች፤ በሠራችው ላይ ስሟ እንዲጻፍ፣ መኩሪያ በሥራዋ ላይ አለቃ እንዳይሆን። ሁለቱም ተፈቀደላት።

መኩሪያን ያባረረው የለም። እንዲህ ያለ ሰው አይባረርም፤ ቦታ ይቀየርለታል። ክሪስታል ሲቲ ወዳለው ሁለተኛው ቢሯችን፣ የአጠቃቀም መመሪያ እንዲጽፍ ላኩት። እዚያም በሩ ላይ «ዶክተር» የሚል እንዳስለጠፈ ሰምቻለሁ። እስከ ጡረታው ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሐበሻ ልጆች ኮምፒውተር ያስተምር ነበር አሉ። ምን እንዳስተማራቸው መገመት አያቅተኝም። አንዱ ካርድ የሌላውን ግል አያይም ብለው የሚምሉ ጎልማሶች ዛሬም በቨርጂኒያ ይኖራሉ።

ዕቃውን በካርቶን ይዞ ሲሄድ ጠረጴዛዬ ጋ ቆመ። ይሰድበኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው።

«የፊርማዬ ቀለም እስኪደርቅ ጠበቅህ፣ አይደል? እኔ ዋሽቻለሁ። አንተ ግን ቀን ቆጥረሃል።»

ይህን ያህል ዓመት ሳውቀው ትክክል የተናገረው ያን ቀን ብቻ ነው። ስለዚህም ይበልጥ ጠላሁት።

ጽጌ ሰኞ ተመለሰች። ነጠላ ጫማዎቿን አውጥታ ጠረጴዛዋ ሥር አስቀመጠችና ሥራ ጀመረች። ሰባት ቀን ሙሉ ያንን ስልሳ አራት በር አንድ በአንድ ዘጋች። ማዋሃጃውን እንደ ፊቱ ክላሱ ውስጥ ጻፈችው፤ ካርድ ከካርድ በቀጥታ። የሾፌሩን ካርድ በእጇ አስተካክላ፣ የሌሎቹን ባዶ የሆኑ ካርዶች ከክሊኒኩ የወረቀት መዝገብ ጋር እያመሳከረች ሞላች። እኔም አብሬ ላገላብጥ ብዬ ወንበሬን አስጠጋሁ።

«አመሰግናለሁ፣ አይቸገሩ» አለችኝ።

ለሌላ ሰው የተናገረች መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ። ከኋላዬ ማንም አልነበረም። ጽጌ በሁለት ዓመት የምትበልጠኝ፣ ከተዋወቅንበት ቀን ጀምሮ አንተ እያለች፣ ስታበሽቀኝም ስታዝንልኝም አንተ እያለች የኖረች ሴት ናት።

«ጽጌ፣ ምን ነካሽ?» አልኳት።

ከእስክሪኑ ላይ ዓይኗን አላነሳችም። ድምፅዋ ላይ ቁጣ የለም፤ እንደ ባንክ ቤት ሠራተኛ ነው።

«ምንም አልነካኝም። እርስዎ ማተሚያውን ከጨረሱ እኔ ልጠቀምበት ነበር።»

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት አብረን ሠራን።